የቀለም ሴቶች

እንግሊዝኛ ገብቶኛል ብዬ የምኮራባቸው ቀናት አሉ። ያ ቀን ግን ከነሱ አንዱ አልነበረም።

ነገሩ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ብሩክሊን ፓርክ በምትባል የአሜሪካ ከተማ በምኖርበት አፓርታማ፣ ከኔ በታች ሎሬይን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ጡረተኛ ትኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ አንኳኳችና፣ ቮት የማድረግ ልማድ የሌላቸውን የቀለም ሴቶች ቤት ለቤት እየዞርን እንቀስቅስ አለችኝ። አማርኛ የምትችይው አንቺ ነሽ አለች። ሰው ደጅሽ ድረስ መጥቶ ሲለምንሽ እምቢ ይባላል? እሺ አልኩ።

የቀለም ሴቶች ስትል ግን እኔ የመሰለኝ ቀለም የቆጠሩትን፣ የተማሩትን ነው። የመጀመሪያው በር የአደይ ለተብርሃን ሆነ፤ አደይ በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው። አደይ ስድሳ የተጠጉ፣ ቢሮ የሚያጸዱ፣ አስመራ ሳሉ አማርኛ የለመዱ ኤርትራዊት ናቸው። ስምዎ ከተማሩ ሴቶች ጋር ወጥቷል አልኳቸው። "እስከ ስምንተኛ ነው እኮ" አሉ አፍረው። ደስ ግን ብሏቸዋል።

ኋላ ሎሬይን ቀለሙ የቆዳ መሆኑን ነገረችኝ። ተመልሼ ማስተካከል ግድ ሆነ። አደይ ክንዳቸውን አገላብጠው አዩት።

"እኔ ቀይ አይደለሁም እንዴ፣ ጓለይ?" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ቀይ ነዎት።"

"አንቺስ?"

"ጠይም።"

"ታዲያ ማነው አንድ ላይ የጻፈን?"

እኔስ መች ገባኝ።

ቀጥለው፣ ባልመርጥ ምን ያደርጉኛል አሉ። ምንም አልኳቸው። ስኳር አይከለክሉኝም? እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ቀበሌ ያየም እንደዚያው ነው። ማንም ምንም አይከለክልዎትም አልኩ። "ታዲያ ለምን ትለምኚኛለሽ?" አሉ። ይህንንም ለሎሬይን ወሰድኩላት። እሷ ደግሞ እናቷ ድሮ በአሜሪካ ደቡብ ስትኖር፣ ጥቁር ሆና ለመምረጥ ልትመዘገብ በመሄዷ ከሥራ መባረሯን ነገረችኝ። ለአደይ ተረጎምኩ። "እኛን የሚቀጡን ካልመረጣችሁ ብለው፣ እነሱን የሚቀጧቸው ከመረጣችሁ ብለው" አሉ። የባሰ ግራ ተጋባን።

ነገሩን የቆረጠልን አውቶቡስ ነው። አደይ ድራይቭ አያደርጉም። ሥራ የሚሄዱበትን መስመር ሊያስቀሩት ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ግን አይቀርም ይል ነበር። ይህን ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና መቼ ነው አሉ።

ማክሰኞ፣ የምርጫው ዕለት፣ ሎሬይን ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በር ላይ አውርዳን ሌሎች ሴቶች ልታመጣ ሄደች። የአደይ ስም መዝገቡ ላይ ወዲያው ተገኘ። የኔስ? የለም። በጋውን ክሪስታል ከምትባለው ጎረቤት ከተማ ስዛወር አድራሻዬን አልቀየርኩም። መንጃ ፈቃዴም የሚለው ክሪስታል ነው። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይሄ ነው፤ ወር ሙሉ ምረጡ እያልኩ የዞርኩት እኔ፣ መምረጥ የማልችለው እኔ። መዝጋቢዋ፣ እዚህ ሰፈር የተመዘገበ ሰው እዚሁ መኖርሽን ምሎ ቢፈርም ይበቃል አለች። ዞር ስል ያሉት አደይ ብቻ ናቸው።

ዋስ መሆን ነው ብዬ አስረዳኋቸው። አጥፍቼ ተናገርኩ። እሳቸው የሚያውቁት ዋስ የእስር ቤቱን ነው።

"ብትጠፊ እኔን ይይዙኛል?" አሉ በሹክሹክታ።

"አልጠፋም፣ አደይ።"

ማሉ፣ ፈረሙም። የገዛ እናቴ እንኳ ሳታነብ ፈርማልኝ አታውቅም። አይኔ እንባ ስላቀረረ የኔን ወረቀት እያጨናበስኩ ሞላሁት።

በማግስቱ የአውቶቡሱ ሰውዬአችን መሸነፉ ተሰማ። ኋላ መስመሩም ቀረ፤ የሚያጸዱት ቢሮ እኔ ወደምሠራበት የፍሪድሊ ከተማ ፋብሪካ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ውጤቱ የተሰማ ዕለት አዝኜ ልነግራቸው ብሄድ፣ "የኔ ዳኛስ?" አሉ።

የቱ ዳኛ? እዚህ አገር ዳኛም በምርጫ ነው።

"ወረቀቱ ላይ ሰው ሁሉ ከነተቀናቃኙ ተጽፏል። አንድ ዳኛ ግን ለብቻው ነው። ሰው እንዴት ለብቻው ይቆማል? አዘንኩለት። ለሱ ሰጠሁት።"

"ለአውቶቡሱ ሰውዬስ?"

"እሱማ እናንተ አላችሁት።"

ዳኛው አሸንፏል አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

"ተመስገን" አሉ። "አየሽ ጓለይ፣ እናንተ ወር ሙሉ በር አንኳኩታችሁ ተሸነፋችሁ። እኔ አንድ ቀን ሄጄ አሸነፍኩ።"

አሁን ምርጫ ሲደርስ ቀድመው በሬን የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮስ ብቻውን የቆመ ሰው አለ ወይ ይሉኛል።