የዘገየውን መርማሪ በሰዓቱ ያደረሱት ሰው

ቴሌቪዥን ባለበት ሁሉ፣ የሚያየውን ፕሮግራም አምርሮ የሚጠላ፣ ግን አንዲት ክፍል የማታመልጠው ሰው አለ። ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው፣ ፊት ለፊት ያለችውን ወንበር የሚይዘው፣ ድምፁ አነሰ ብሎ የሚቆጣውም እሱ ነው። ለእኛ ሰፈር የደረሱን ሰው አቶ ኩዋባራ፣ በእኛ አጠራር ኩዋባራ ሳን፣ ናቸው።

እኔ እዚህ ጃፓን፣ አማጋሳኪ ከተማ፣ ከአባቴ የወረስኩትን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነው የማስተዳድረው። በወንዶችም በሴቶችም ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቴሌቪዥን አለ። በመካከል ያለው ግድግዳ ጣሪያ ስለማይደርስ ሳቁም ሐሜቱም ወዲህና ወዲያ ይሻገራል። ሐሙስ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ «የዘገየው መርማሪ» ሲጀምር ግማሹ ሰፈር እኔ ዘንድ ነበር።

መርማሪው ቶኩሺጌ ይባላል። በየሳምንቱ ባቡር ያመልጠዋል። አንዴ ድመት ሲያባብል፣ አንዴ የትኛውን የምሳ ሣጥን ልግዛ ሲል ባቡሩ ጥሎት ይሄዳል። ባዶ ጣቢያ ላይ ተገትሮ ሲቀር ግን ነፍሰ ገዳዩን የሚያጋልጠው ነገር ዓይኑ ውስጥ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ኦዳጊሪ በዚህ ሲስቅ ያገለደመው ፎጣ ይፈታበታል። ባለቤቴ ፉሳኤ «ዝርክርክ ወንድ በቤቴም አለልኝ፣ ለምን በቴሌቪዥን አያለሁ?» ትላለች። ከሴቶቹ ወገን «ሰው ሞቶ ይቀለዳል እንዴ?» የሚሉም አልጠፉም።

ኩዋባራ ሳን ግን ከማንም ወገን አልነበሩም። ሠላሳ ስድስት ዓመት በባቡር ጣቢያ አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸውና የእርሳቸው ጠብ ከሰዓት ሰሌዳው ጋር ነው። አንድ ሐሙስ አንድ ሀብታም ሻዩ ውስጥ መርዝ ተጨምሮበት ባቡር ውስጥ ሲያጣጥር ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እያየን ነበር።

«ያ ባቡር እዚያ ጣቢያ አይቆምም» አሉ።

«ሰውየው እየሞተ እኮ ነው፣ ኩዋባራ ሳን» አለ ኦዳጊሪ።

«ይሙት። ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሰባት ላይ እዚያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አልሞተም።»

ሌላ ቀን ደግሞ በፊልሙ ላይ ያለው የጣቢያ ሠራተኛ ባቡር ሲያስነሣ ጣቱን እንደ ሥራ ደንቡ በትክክል አልቀሰረም ብለው ተነሡ። እርቃናቸውን፣ ጆሯቸው ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ፣ ክንዳቸውን ወድረው «ቀኝ ደህና፣ ግራ ደህና» እያሉ ትክክለኛውን አሳዩን። ከግድግዳው ማዶ ፉሳኤ «ኩዋባራ ሳን፣ በሉ ባቡሩን ይልቀቁትና ወደ ገንዳው ይግቡ» አለች። እርሳቸው አልሳቁም፤ ሥራ ላይ ነበሩ።

አንዴ ጨክኜ «ይህን ያህል ካስጠላዎት ለምን ያዩታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ካላየሁት ስህተቱን ማን ሊያውቀው ነው?» አሉኝ።

እንዲህ እየተባለ መጋቢት ደረሰ። በሰፈራችን ከቤት ቤት የሚዞር የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ያረጀ ዕቃ የሚጣልበት ቀን፣ የቦይ ጠረጋ ተራ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው ነገር ይያያዝበታል። እያንዳንዱ ቤት አንብቦ ማኅተሙን ያሳርፍና ለጎረቤት ያሳልፋል። አንብቦ የሚለው ለወጉ ነው። ሰሌዳው ሁለት ቀን ካደረብህ «እነ እገሌ ዘንድ ቆየ» ትባላለህ፤ ስለዚህ ማኅተምህን ትመታና ጎረቤትህ በር ላይ አንጠልጥለህ ትሮጣለህ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

ከቦይ ጠረጋው ማስታወቂያ ሥር አንድ ወረቀት እንደነበረ ያወቅነው በሚያዝያ፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያው ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ኩዋባራ ሳን ልብስ መቀየሪያው መካከል ቆመው አነበቡት። ለካስ ያ ወረቀት በእርሳቸው የእጅ ጽሑፍ የፕሮግራሙን አርባ አንድ ስህተት የዘረዘረ አቤቱታ ኖሮ፣ ከነማኅተማችን ለጣቢያው ተልኳል። መጨረሻው ላይ «የማይታረም ከሆነ ፕሮግራሙ ቢቀር ይሻላል» ይላል። የቴሌቪዥን ጣቢያውም የሠላሳ ስምንቱን አባወራዎች የጋራ አስተያየት በታላቅ አክብሮት ተቀብሏል።

«እኔም አለሁበት?» አለ ኦዳጊሪ።

«ከላይ ሁለተኛው ማኅተም ያንተ ነው» አሉት ኩዋባራ ሳን።

ኦዳጊሪ እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መርማሪ ቶኩሺጌ በሰዓቱ ጣቢያ ደረሰ። ባቡሩ በሚቆምበት ጣቢያ፣ በሚነሣበት ደቂቃ ተሳፈረ። ጣት የሚቀስሩት ሠራተኞች ሁሉ አሳምረው ቀሰሩ። ነፍሰ ገዳዩ የተያዘው እንዲሁ በፖሊስ መዝገብ ነው። ኦዳጊሪ ፎጣው እንደታሰረ አምሽቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ኩዋባራ ሳን ሲወጡ «የሚነቀፍ የለውም» አሉ፣ ሰው የሞተበት ይመስል። ሰኔ ላይ ፕሮግራሙ ተዘጋ። በእኛ ደብዳቤ ይሁን በሌላ ምክንያት የነገረን የለም። እኔ ግን በእኛ ነው እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ጭር አለ። ኦዳጊሪ የመታጠቢያ ቀኑን በእሑድ ቀየረ። ኩዋባራ ሳን ብቻ በሰዓታቸው ይመጣሉ፤ በዚያች ወንበር ተቀምጠው የምግብ ዝግጅት ያያሉ። አንድ ቀን መግቢያው ላይ ሂሳብ ከምቀበልበት ከፍ ያለ መቀመጫዬ ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሀማጉቺ፣ ትወደው ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«በጣም።»

«ታዲያ ማኅተምህን ለምን መታህ?»

«አላነበብኩትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ፎጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው እንደገና ዘረጉት። «ሰሌዳው ላይ ያያያዝኩት አንድ ሰው በሬን እንዲያንኳኳ ብዬ ነበር» አሉ። «‹አንተ ሽማግሌ፣ አብደሃል እንዴ፣ ምን በደለህ?› የሚለኝ። ሻይ አፍልቼ ጠበቅሁ፤ ብስኩትም ገዝቼ ነበር። ሰሌዳው በሠላሳ ስምንት ማኅተም ተመለሰ። አንድም ሰው አልመጣም።»

አፈርኩ። ከሁላችንም አብልጠው ይወዱት የነበሩት እርሳቸው እንደሆኑ፣ የሚወዱትን የሚወዱበት መንገድም ያው ክርክር ብቻ እንደሆነ፣ ያን ሁሉ ሐሙስ አብሬያቸው ተቀምጬ አልገባኝም ነበር።

በቴሌቪዥኑ ምግብ አብሳይዋ ሾርባው ላይ ጨው ነሰነሰች። «በዛ» አሉ፣ ያለ ልባቸው።

እኔ ስለ ጨው የማውቀው ነገር የለም፤ ፉሳኤ ድስት አታስነካኝም። «ተሳስተዋል» አልኳቸው። «እንዲያውም አንሶታል።»

ቀስ ብለው ዞሩ። መነጽራቸውን ከልብስ ማስቀመጫው ቅርጫት አውጥተው አደረጉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምን ታውቅና ነው?» አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

እስከ መዝጊያ ሰዓት ተከራከርን። ይችን «ተሳስተዋል» የምትል አንዲት ቃል በመጋቢት ብያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ቶኩሺጌን ዛሬም ባቡር ያመልጠው ነበር።