ጋሼ ቢሆንስ ኢንሹራንሴን ሲያነቡ

ገና ያልደረሰ መዓት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላው ሰው ቤት ሲገዛ ሳሎኑን ያያል፤ እሱ የሚያየው ጣሪያው በየት በኩል እንደሚወድቅ ነው። የእኛ ሰፈር ተረኛ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሁላችንም «ጋሼ ቢሆንስ» እንላቸዋለን።

ክቡርነታቸው ሊፍት ከመግባታቸው በፊት የተሳፋሪውን ሁሉ ክብደት በዓይናቸው ይመዝናሉ። የልጃቸው እጮኛ ሊተዋወቃቸው በመጣ ቀን፣ ገና ከመቀመጡ፣ ቁልቁለት ላይ የመኪናው ፍሬን ቢበጠስ ምን እንደሚያደርግ ጠየቁት። ልጁ መኪና እንደሌለው በትሕትና አስረዳ። «ብትገዛስ?» አሉት። ባለቤቴ አዲስ መሰላል የገዛች ጊዜ ደግሞ ሳይጠሩ መጥተው ሩብ ሰዓት ሙሉ ከሥር ደግፈው ያዙላት። እሷ ገና አልወጣችበትም ነበር።

እውነቱን ለመናገር እሸሻቸው ነበር።

እኔና ባለቤቴ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለን። ባለፈው ዓመት ሥራ ጠፍቶ ልንዘጋ ጥቂት ሲቀረን፣ አንድ ክሊኒክ ለተራ መጠበቂያ ክፍሉ አሥራ ሁለት የግድግዳ ካቢኔት አዘዘን። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሥራችን ሰበብ ሰው ቢጎዳ ካሳ የሚከፍል የኃላፊነት ኢንሹራንስ ገብተን ወረቀቱን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት እንድናመጣ። ካላመጣን ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ እኛም በራችንን እንቆልፋለን።

እንደ ልማዳችን ነገሩን ስንገፋው ከርመን ዓርብ ደረሰ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ውል ተቀምጧል፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። የኢንሹራንስ ሻጩ በስልክ ሁሉም ያው እንደሆነ፣ ቀጭኑ ላይ ብፈርም እንደሚበቃኝ ይነግረኛል። እስክሪብቶ ሳነሳ ጋሼ ቢሆንስ ብሎን ሊዋሱ ገቡ።

ወረቀት ሲያዩ ብሎኑን ረሱት። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉት፣ ወንበር ሳቡ፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እየጎተቱ ያነቡ ጀመር። ሻጩ ደወለ። ባለቤቴ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጊዜ እንደሌለን ነገርኳቸው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ወደ ሦስተኛው ገጽ አለፉ። ሻጩ እንደገና ደወለ። በዕድሜዬ በሽማግሌ ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ወረቀቱን ልነጥቃቸው እጄን ስዘረጋ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«‹በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ለሚደርስ ጉዳት› ይላል። ካቢኔቱ ወጥቶ የሰው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ቢወድቅስ፣ ልጄ?»

ለሻጩ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ በመጨረሻ ያንን የሚሸፍነው ወፍራሙ ብቻ መሆኑን አመነ።

ባለቤቴ ወርክሾፑን ዞር ዞር ብላ አየችው። «እዚህ እኮ ካቢኔት ሥር የሚቀመጥ ሰው የለም» አለች። «የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ ያውም በሽተኞች።»

ስምንት ዓመት ሥራዬን የሰው ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስወጣ ኖሬ፣ ኢንሹራንስ ልገባ የነበረው ለራሴ ግቢ ነው። ፈራሁ። ቀጭኑን ገፍቼ ወፍራሙን ውል ወደ ራሴ ሳብኩ።

ክቡርነታቸው ግን ወፍራሙንም ሳያነቡ አላስፈርም አሉ። አነበቡት። ፈርመን፣ ከኢንሹራንሱ ቢሮ ማኅተም አስመትተን፣ ክሊኒኩ በር ላይ እያለከለክን ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ወረቀቱን የተቀበለችን ጸሐፊ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ቆማለች።

ካቢኔቶቹን በሰቀልን በሦስተኛው ሳምንት ብሎኖቹን ልፈትሽ ሄድኩ። ጋሼ ቢሆንስ ደም ግፊታቸውን ሊለኩ መጥተው ተራ ይጠብቃሉ። በመስኮቱ በኩል፣ ምንም ባልተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ ስድስት ወንበር ባዶውን ነው። እሳቸው ትልቁ ካቢኔት ሥር ተቀምጠው፣ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ነርሷን ለምን መስኮቱ ጋ እንዳልተቀመጡ በሹክሹክታ ጠየቅኳት።

«ወዲያ ይሻልዎታል ብላቸው እምቢ አሉኝ» አለች። «‹ይኼን የሠራውን ልጅ አውቀዋለሁ› ነው የሚሉት።»

እንዳልቀሰቅሳቸው ቀስ ብዬ፣ ከራሳቸው በላይ ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈተሽኩ። አንዱም አልላላም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።