ለሽምግልና የገዛሁት የተረት መጽሐፍ

ሰው መጽሐፍ ሲገዛ መጨረሻውን ገለጥ አድርጎ ማየት አለበት እላችኋለሁ። እኔ ሽፋኑን አይቼ ገዛሁ። ነብርና ፍየል ጎን ለጎን ተቀምጠው ይስቃሉ። ነብሩ ለምን እንደሚስቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ኮምቦልቻ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ከሚስቱ ከፋጡማ ተጣላ። እንቁላል የታቀፈች ዶሮዋን ሳይጠይቃት ለእንግዳ አረደባት። እንግዳው ማን እንደሆነ ምን ያደርግላችኋል? ብቻ ፋጡማ ልብሷን ሸክፋለች፤ ነገ ጠዋት ቦሩ ሜዳ፣ ወላጆቿ ቤት ልትገባ ነው። እሷ ከሄደች ሰይድ አለቀለት፤ ሻይ እንኳ አፍልቶ አያውቅም። ታላቅ ነህና ሂድ አስታርቅ ተባልሁ። እኛ ቤት ደግሞ ሽማግሌ በተረት ካልጀመረ ሽማግሌ አይባልም። እኔ አንድ ተረት አላውቅም! ደሴ ላይ ሚኒባስ ከመሳፈሬ በፊት የእንስሳት ተረት ገዛሁ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ገለጥሁት። ነብርና ፍየል ተጣሉ፤ ቀበሮ ልታስታርቅ ሄደች። ጎሽ አልሁ። መጨረሻ ላይ ነብርና ቀበሮ ፍየሏን ተካፈሏት። አስተግፊሩላህ! ሌላ ገለጥሁ። አይጥ ልጇን የበላባትን ድመት ከሰሰች፤ ዳኛው የድመቱ አጎት ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ተናደድሁ። ይህንን ለፋጡማ እንዴት እነግራታለሁ? መስኮት ከፈትሁ፤ ዘጋሁ፤ እንደገና ከፈትሁ። አጠገቤ ያሉት እናት፣ ልጄ ቁንጫ አለብህ እንዴ አሉኝ። ቁንጫ በሆነ! አንድ መጽሐፍ ሙሉ አፉ ንጹሕ የሆነ ሽማግሌ ይጠፋል? ኮምቦልቻ ስንደርስ ላቤ ጠብ ይላል፤ ሙቀቱ ነው ብዬ ራሴን አታለልሁ።

ፋጡማ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ገባሁና የነብሩን ተረት ጀመርሁ፤ መጨረሻውን ግን ቀየርሁት። ቀበሮዋ ሁለቱን አስታርቃ፣ ተመርቃ ወደ ቤቷ ሄደች አልሁ።

ፋጡማ ቀና አለች። "ጋሼ፣ ቀበሮዋ ምንም ሳትቀምስ?"

"ወላሂ ምንም!"

"እርስዎ ግን ያን ዕለት የዶሮዬን ሁለት እግር በልተው ነው የሄዱት።"

ሰይድ ሳቁን መቻል አቃተው። እሷም አየችው፤ አብራው ሳቀች። ያ ከሃዲ ወንድሜ ቀጠለና፣ ዶሮ አማረኝ ያለው እኮ እሱ ነው አላት። አመነችው! ሻንጣው ተፈታ። በሚመጣው ጁምዓ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ከደሴ ይዤ እንድወርድ ሁለቱ በአንድ ቃል ፈረዱብኝ።

ይቅር ያላልሁት መጽሐፉን ነው። እየተመለስሁ ሳለሁ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ሽማግሌው በላ እንጂ ተበላ የሚል አንድ ተረት የለውም። ይሄም መጽሐፍ ነው?