ጋሽ ሽቦ የሠርጋቸውን ካሴት እንደ ገለበጡ

አንባቢ ሆይ፣ «ገልብጥ» የተባለ ሰው ምን ማድረግ አለበት? መልስህን ያዝና መጀመሪያ የሆነውን ስማ!

ቁም ሣጥኑ በተገዛ በሃያ ሁለተኛው፣ የቪዲዮ ማጫወቻው ዳንቴል ለብሶ ጡረታ በወጣ በዘጠነኛው ዓመት፣ የሽቦዎች ሁሉ ጌታ፣ የማከፋፈያዎች አባት፣ ከሞቱ አምፖሎች ግማሹን ያስነሡት ጋሽ ሽቦ፣ የሠርጋቸውን ካሴት ወደ ቤቱ ኮምፒውተር ሊያሻግሩ ቆርጠው ተነሡ። አማታቸው እማማ፣ ካሴቱን ሻጋታ ሳይበላው፣ ሟች ባላቸው ለሙሽራው የተናገሩትን የአደራ ቃል አንድ ጊዜ ልስማ ብለው ለምነዋልና። ሰውየው በሠርጉ ዕለት በሙሽራው ጆሮ ስር ስለተናገሩ፣ የሰማው ሙሽራውና የቀራጩ ማይክ ብቻ ነበር። እማማ ባላቸው ምን እንዳሉ በጠየቁ ቁጥርም ጋሽ ሽቦ «ካሴቱ ላይ አለ» ሲሉ ኖረዋል።

ተከታዮቻቸውም እነዚህ ነበሩ፦ የስልክ መብራት ያዥ ሚስታቸው፣ መነጽራቸውን ሦስቴ የወለወሉት እማማ፣ ሳይጠሩት የሚደርሰው የሚስታቸው ወንድም ፈጥኖ ደራሽ። ጋሽ ሽቦም ቢጫውን ገመድ በቢጫው፣ ነጩን በቀዩ ሰክተው እንዲህ አወጁ፦ «ስማ፣ ስማ፣ ላልሰማ አሰማ! ይህ ካሴት ዛሬ ይገለበጣል!» ፈጥኖ ደራሽም አዋጁን እንደ ሰማ ካሴቱን ከጠረጴዛ አንስቶ ገለበጠው፤ ሆዱን ወደ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ ወደ ማጫወቻው አፍ በጉልበት ገፋው፤ ማጫወቻውም አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ካቻቢቴ ይናገር! ጋሽ ሽቦ አራት ብሎን ፈቱ፤ አንዱ ሶፋ ስር ገብቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ካሴቱን በሁለት ሹካ አዋለዱት፤ ቀጥ አድርገውም መልሰው አስገቡት፤ ሙሽራና ሙሽሪት በኮምፒውተሩ ላይ ታዩ፤ የእማማ ባልም ወደ ሙሽራው ጆሮ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አደራ የምልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም...» ሲሉ፣ የማዕዘን ምት ተመታ።

አዎን፣ የማዕዘን ምት! አንድ ሰው በአደራው ላይ ኳስ ቀርጾበታል። ካሴቱ ሲወጣ፣ እንዳይቀረጽበት የተሰበረው የጠርዙ ቀዳዳ በሰማያዊ ናስትሮ ታሽጎ ተገኘ። በዚያ ቤት ሰማያዊ ናስትሮ የሚጠቀም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ሽቦ ግን ይጠራዋል።

እማማም በተራቸው አወጁ፦ «የቀረጸበትን ምሬዋለሁ። ቃሉን ግን ያምጣልኝ!» ጋሽ ሽቦ ይህን ጊዜ የጠፋውን ብሎን ሊፈልጉ ሶፋው ስር ገቡ።

ስለዚህ፣ ገመድ የሚሰግድልዎ፣ ሹካ የሚታዘዝልዎ ጀግና ሆይ፣ ከሶፋው ስር ይውጡ! ማይኩ ከድቷል፤ የቀረው የእርስዎ ጆሮ ብቻ ነው። በሚስትዎና በአማትዎ ፊት፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ዛሬውኑ ይመልሱ፦ ሰውየው ምን አሉዎት?