መቶ ሜጋው እንዳይጎድል

በአሰላ ከተማ የሚከበር ነገር ሞልቷል። ሽማግሌ ይከበራል፣ እንግዳ ይከበራል፤ ከዓምና ወዲህ ደግሞ የገበሬዎቹ ዩኒየን ለብቻው የተከራየው ባለ መቶ ሜጋ የኢንተርኔት መስመር ይከበራል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክለወልድ ሪባን ቆርጠው፣ ፍጥነቱን የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን አሰቅለው፣ «ይህ የገበሬው የልማት ጎዳና ነው» ብለው ነበር። ጎዳናው እንዳይቆሽሽም ቆለፉበት።

የጨረታ ሠራተኛዋ ፈይሩዛ ታዲያ አንድ ቀን እንኳ አልሄደችበትም። ከሮቤ፣ ከበቆጂ፣ ከአርቦዬ ለልምድ ልውውጥ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋማ! አንድ ሰው ኮምፒውተር ከነካ ስክሪኑ ላይ ያለው መቶ ወደ ዘጠና ሰባት ዝቅ ይላል፤ በእንግዳ ፊት ይሄ ነውር ነው። በግል ስልክ መላክም መሥሪያ ቤቱን ያዋርዳል ተብሎ ተከልክሏል። ስለዚህ ሠራተኛው ፍላሽ ይዞ ጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰለፋል።

ያን ማክሰኞ ግን ነገር ጠበቀ። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ስንዴ ለመግዛት ያወጣው ጨረታ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። መጋዘን ውስጥ ስምንት መቶ ኩንታል የገበሬ ስንዴ ነቀዝ ጀምሮታል፤ ሃያው የፈይሩዛ አባት የአቶ ቱሳ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ቤቱን ዘግቶ ለቅሶ ሄዷል። ፈይሩዛ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደፍራ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«አቶ ተክለወልድ፣ አንዲት ገጽ ናት፤ ልላካት።»

«እንግዶች እያዩሽ?»

«ጨረታው ሊዘጋ ነው እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ከበቆጂ ድረስ መጥቶ ዘጠና ሰባት ላሳየው?»

«ስንዴውስ?»

«ስንዴ በየዓመቱ ይበቅላል። መቶ ሜጋ ተዘርቶ አይበቅልም።»

እንግዶቹ ተመራርቀው፣ ፎቶ ተነስተው እስኪሸኙ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆነ። ፈይሩዛ ፋብሪካው ዘንድ ደወለች። ያነሳው ሰው ደግ ነበር።

«መስመራችሁ ተበላሽቶ ከሆነ አትጨነቂ» አላት። «ያንን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላኩልን፤ እንቀበላችኋለን።»

አልሐምዱሊላህ ብላ እየሮጠች ለአለቃዋ ነገረች። የአቶ ተክለወልድ ፊት ተለዋወጠ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ይሄ መስመር ተበላሸ ተብሎ ይጻፍ?»

ብዕራቸውን አነሱና በገዛ እጃቸው ጻፉ፦ «በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት የዩኒየናችን መስመር ያለ አንዳች እንከን በሙሉ መቶ ሜጋ ሲሠራ የነበረ መሆኑን እናረጋግጣለን።» ፈረሙ፤ ማኅተም አሳረፉበት።

እንግዶቹ ሄደዋልና ደብዳቤው በዚያው መስመር በክብር ተላከ። ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ደረሰ። መልሱም ወዲያው መጣ፦ «መስመራችሁ ደህና በመሆኑ እጅግ ደስ ብሎናል። ስንዴውን ከሌላ ገዝተናል።»

ሐሙስ የአርቦዬ እንግዶች ሲመጡ የፋብሪካው ደብዳቤ በመስታወት ፍሬም ተሰቅሎ ጠበቃቸው፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ።