በቤት ውስጥ የሚባክን ነገር

(እሑድ ከሰዓት፤ የመኖሪያ ቤት ሳሎን። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል። ወለሉ ላይ የተቆራረጠ ካርቶን፣ መቀስና የሙጫ ቆርቆሮ ተበትኗል። አባት ሙጫ የጠጣ ሽርጥ ታጥቆ፣ ከመሥሪያ ቤት ሥልጠና ያመጣውን ኮፍያ ደፍቶ ተንበርክኳል። አጎት፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ከውጭ፣ ገመድ የምትዘለው የልጁ የሚጣና የጓደኞቿ ሳቅ ይሰማል።)

አባት፦ ሙጫ የሚቀባው በአንድ በኩል ነው አልኩህ፣ በአንድ በኩል ነው!

አጎት፦ እሺ። በሌላው በኩልስ?

አባት፦ ሌላው ይጣበቅበታላ!

አጎት፦ ሳይቀባ?

አባት፦ አንተ ሰውዬ፣ ጨጓራዬን ልትልጠው ነው እንዴ? ሁለት ነገር ለማጣበቅ አንዱን መቀባት ይበቃል። ፖስታ አሽገህ አታውቅም?

አጎት፦ ለማን ልልክ?

አባት፦ (ኮፍያውን እያስተካከለ) እሱስ እውነትህን ነው። ካንተ የሚጠብቅ ማን አለ!

አጎት፦ ግን ጋሼ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?

አባት፦ ስንቴ ልንገርህ! የጫማ መደርደሪያ ነው። የሚጣ የትምህርት ቤት ፕሮጀክት። ነገ የሥራ ፈጠራ ቀን ነው። አስተማሪያቸው፣ “በቤታችሁ ውስጥ የሚባክን ነገር ፈልጉ፣ ጥቅም ላይ አውሉት፣ ለሚፈልገው ሰው አቅርቡ” ብላቸዋለች። ካርቶን ይባክናል፣ ጫማ መሬት ላይ ይዝረከረካል። ሁለቱን አገናኘኋቸው። የሥራ ፈጠራ ማለት ይሄ ነው!

አጎት፦ እርጥብ ጫማ ቢቀመጥበትስ?

አባት፦ ደረቅ ጫማ ይቀመጥበታል።

አጎት፦ ዝናብ ከመጣ?

አባት፦ ዝናብ ከመጣ ሰው ቤቱ ይቀመጣል! እንዳንተ!

አጎት፦ አሃ። ሚጣ የታለች?

አባት፦ ውጭ ገመድ ትዘላለች።

አጎት፦ ፕሮጀክቱ የሷ አይደል?

አባት፦ ነዋ!

አጎት፦ ታዲያ መሬት ላይ ያለው ጉልበት የማን ነው?

አባት፦ (መቀሱን አስቀምጦ) አንድ ጊዜ ላስረዳህና ይግባህ። ፕሮጀክቱ “በተማሪ የሚመራ” ነው የሚባለው። የሚመራ! መሪ እጁን ሙጫ ውስጥ ሲነክር አይተህ ታውቃለህ? መሪ ሐሳብ ያመነጫል፣ አቅጣጫ ይሰጣል፣ ከዚያ ገመድ ይዘላል።

አጎት፦ ሐሳቡን ያመነጨችው እሷ ናት?

አባት፦ እኔ ነኝ። እሷ እሺ አለች። እሺ ማለት ቀላል እንዳይመስልህ፤ ውሳኔ ነው። ሥልጠናው ላይ ስለ ውሳኔ ብቻ ስንማር ነው የዋልነው።

አጎት፦ ኮፍያውን የሰጧችሁ ያን ቀን ነው?

አባት፦ ኮፍያው ምን አደረገህ? ሥራ የፈታ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ኮፍያ ላይ ነው! ና ይልቅ ይሄን ጫፍ ያዝልኝ።

አጎት፦ (ሳይነሳ) የቱን ጫፍ?

አባት፦ ተወው! ራሴ እይዘዋለሁ።

አጎት፦ አንተስ ተማሪ ሳለህ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሠርተሃል?

አባት፦ ለኛ ማን ዕድል ሰጥቶን! እኛን ያስተማሩን ተቀምጦ መገልበጥ ነው። ለዚህ ነው ትውልዱ እጁን አጣጥፎ ሥራ የሚጠብቀው። ለምሳሌ አንተ! ልጅ ማለት በራሱ እንዲያስብ፣ በራሱ እንዲሠራ፣ ወድቆ እንዲነሳ መተው አለበት!

አጎት፦ ታዲያ ሚጣን ለምን አልተውካትም?

አባት፦ ብተዋት ታበላሸዋለቻ!

አጎት፦ ባለፈው የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ሠርተህ አልነበር?

አባት፦ ከባዶ ቆርቆሮ! ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ አለስልሼ!

አጎት፦ የታለ?

አባት፦ ሚጣ አልወደደችውም። “አባዬ፣ አንተ ከዚህ የተሻለ ትችላለህ” አለችኝ። ገበያ ላጥናበት ብላ ትምህርት ቤት ወሰደችው።

አጎት፦ ተመለሰ?

አባት፦ ገበያ እየተጠና ነው አልኩህ!

አጎት፦ ከሱ በኋላ የሠራኸው የመብራት ሽፋንስ?

አባት፦ እሱንም አልወደደችውም። ለጥራት ያላት ዓይን! ከኔ ነው የወረሰችው።

አጎት፦ እሱም ገበያ እያጠና ነው?

አባት፦ (ተናዶ፣ በፍጥነት እየቀባ) አንተ ስለ ገበያ ምን ይገባሃል? እህትህ ቤት ተኝተህ ቁርስ ሲሸትህ ትነቃለህ! ለማንኛውም ተዘጋጅ። ነገ ሚጣ አንደኛ ከወጣች፣ የምትተኛበት ክፍል ወርክሾፕ ይሆናል።

አጎት፦ እኔስ የት ልግባ?

አባት፦ አንተማ ሥራ ፍጠር!

አጎት፦ ከካርቶን?

አባት፦ ከፈለግህ ከአየር! ብቻ እንደዚያ እንደ ጎረቤታችን እንደ መሐንዲሱ እንዳትሆን። አምና ልጁ ድልድይ ሠራ ተብሎ አንደኛ ወጣ። ያ አፍንጫውን እንኳ መጥረግ የማይችል ልጅ ድልድይ! አባትየው እንጨቱን ሲጠርብ በመስኮት በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። አያፍርም? የልጅ ሥራ ነጥቆ! የሰው ወርቅ አያደምቅም!

አጎት፦ (መደርደሪያውን ያያል፤ አባትን ያያል) አይ፣ ነውር ነው።

አባት፦ ነውር ብቻ! እኔ ግን መሪዋን ነው የማግዘው። ልዩነቱ ገባህ?

አጎት፦ አልገባኝም።

አባት፦ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ነገ መጥተህ በዓይንህ እየው። የጋበዘችኝ ራሷ ናት። “አባዬ፣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመህ ሰው እንዲያይህ እፈልጋለሁ። ሽርጡን እንዳታጥበው፣ ከነሙጫው ና” አለችኝ። እንባዬ ነው የመጣው። በአባቱ እንዲህ የሚኮራ ልጅ ስንቱ አለው?

አጎት፦ ኮፍያውንስ?

አባት፦ ኮፍያውን እንዳትረሳ ብላለች።

አጎት፦ (ቀና ብሎ ይቀመጣል) ጋሼ፣ አንድ ነገር ብነግርህ አትቆጣም?

አባት፦ እቆጣለሁ። ተናገር!

አጎት፦ የእስክሪብቶ ማስቀመጫውን የወሰደችው አንዲት የክፍሏ ልጅ ናት። በምትኩ በሚጣ ተራ ክፍል ትጠርግላታለች። የመብራት ሽፋኑን የወሰደው ልጅ ደግሞ ቦርሳዋን እስከ በር ድረስ ይሸከምላታል። አሁን ገመዱን የሚያሽከረክሩላት እነሱ ናቸው።

አባት፦ ምንድን ነው የምታወራው አንተ?

አጎት፦ የሚጣ ፕሮጀክት መደርደሪያው አይደለም። በቤታችሁ የሚባክን ነገር ፈልጉ ተባሉ አይደል? ሌላው ልጅ ካርቶን አገኘ፣ ቆርቆሮ አገኘ። ሚጣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና አንተን አገኘች።

አባት፦ እኔን!

አጎት፦ “አባዬ ከሥራ ገብቶ እስኪተኛ ድረስ ሰው ያስረዳል። ይሄ ሁሉ ጉልበት ሲባክን ያሳዝናል” አለች። ጥቅም ላይ አዋለችህ። ነገም ጠረጴዛው አጠገብ የምትቆመው ልትኮራብህ አይደለም። ማሳያው አንተ ነህ።

አባት፦ (ሙጫው ከእጁ ይንጠባጠባል) አንተ ይሄን በምን አወቅህ? ፖስታ ማሸግ የማታውቅ ሰው!

አጎት፦ ተቀጥሬ ነዋ።

አባት፦ የት?

አጎት፦ እዚሁ። ተቆጣጣሪ ነኝ። “አጎቴ፣ አባዬ ብቻውን ሲሆን ሥራው ይሰለቸዋል። አጠገቡ ሁንና የማይረባ ጥያቄ ጠይቀው፤ ሲናደድ እጁ ይፈጥናል” አለችኝ። ደመወዜ ክፍሌ ነው። ከእናቷ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች፤ ማንም አይነካብኝም።

አባት፦ (ተነስቶ ሽርጡን እየፈታ) በገዛ ቤቴ! በገዛ ልጄ! በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ካርቶን አልነካም! ይሄስ? ይሄ መደርደሪያ የማን ነው?

አጎት፦ ባልነግርህ ይሻላል።

አባት፦ ተናገር!

አጎት፦ የመሐንዲሱ ልጅ።

አባት፦ (ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል) ለመሐንዲሱ ልጅ? ጉልበቴ እስኪላጥ የተንበረከክሁት ለመሐንዲሱ ልጅ ነው? (ዘሎ ተነስቶ መደርደሪያውን ያነሳል) ቀዳድጄ ነው የምጥለው!

አጎት፦ ቅደደው። ልጁ ግን ያሳዝናል። አባቱ አንድ ሠርቶለት ነበር፤ ገና ጫማ ሲቀመጥበት ዝርግት አለ። ልጁ ሚጣ ጋ እየሮጠ መጥቶ፣ “ያንቺ አባት ከኔ አባት ይበልጣል” አላት።

(አባት መደርደሪያውን እንዳነሳ ቆሟል።)

አባት፦ እንደዚያ አለ?

አጎት፦ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አባት፦ የመሐንዲሱ ዝርግት አለ?

አጎት፦ በአንድ ጫማ። ያውም በሕፃን ጫማ።

(አባት መደርደሪያውን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። ሽርጡን መልሶ ይታጠቃል።)

አባት፦ ማዕዘኑን ሳያጥፈው ነዋ! ማዕዘኑ ካልታጠፈ ካርቶን ክብደት አይችልም። (ይንበረከካል) መሐንዲስ ይባላል ደግሞ!

አጎት፦ (መልሶ እየተጋደመ፣ ለራሱ) ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ሲሸከም ያድራል።

አባት፦ ምን አልክ?

አጎት፦ ምንም። ጋሼ፣ ማዕዘን ማለት ምን ማለት ነው?

አባት፦ (እጁ እየፈጠነ) ማዕዘን አታውቅም? አንተ ሰውዬ ማዕዘን አታውቅም! ስማኝ እንግዲህ፣ ላስረዳህ…