በመጥረጊያ የተለካ አድማስ

የዚህችን ከተማ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ረጃጅሞች ሳይሆኑ አይቀሩም። አለዚያ የኮንዶሚኒየም ኩሽና መደርደሪያ ጣሪያ ሥር ባልተሰቀለ፣ የፀጉር ቤት መስታወት ለአጭር ሰው ግንባሩን ብቻ ባላሳየ፣ የአውቶቡስ መያዣም ከላይ ሆኖ እንደ ሀብታም ዘመድ ቁልቁል እያየ ባልተወዛወዘ። እኔ ረጅም ነኝ፤ ስለዚህ ይህ ነገር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ረጅም ሰው ስለ ቁመት የሚያስበው የታክሲ በር ግንባሩን ሲመታው ብቻ ነው። ያኔም የሚሰድበው በሩን ነው።

አጭር ሰው ግን ዕድሜ ልኩን መሐንዲስ ነው። ካላመናችሁኝ ቤታችሁ ያለውን አጭር ሰው አንድ ቀን ተከታተሉት። በርጩማው የት እንዳለ ያውቃል። የትኛው መሳቢያ ቢሳብ መወጣጫ እንደሚሆን ያውቃል። ሠርግ ላይም ሆነ ስብሰባ ላይ ከማን ኋላ መቆም እንደሌለበት ያውቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ረጅም ጎረቤት ምን እንደሚጠቅም ያውቃል።

የእኔ ጥቅም የታወቀው ቱሉ ዲምቱ በገባሁ ሰሞን ነው። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ካፒቴን ደምሴ ይኖራሉ። የግቢው ልጆች "ካፒቴን" ሲባሉ ሰምተው ለየትኛው ቡድን ይጫወቱ እንደነበር ጠይቀዋቸዋል። አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። ኮፍያ ደፍተው ሻንጣ እየጎተቱ በቴሌቪዥን እንደምታዩዋቸው ዓይነት ግን አይደሉም። የእሳቸው አውሮፕላን ትንሽ፣ ባለ አንድ ወንበር ነበረች፤ ሥራዋም አንበጣና ግሪሳ ወፍ ላይ መድኃኒት መርጨት ነበር። "ሰው ጭኜ አላውቅም" ይላሉ። "ሳርፍም የሚቀበለኝ ከሜዳው የሚባረር በሬ ነው።"

ቁመታቸውን በምን ልንገራችሁ? የቤታቸው አምፖል ሲቃጠል የምጠራው እኔ ነኝ፤ ወንበር ላይ ቆመውም አይደርሱበትማ። "አንተ ረጅሙ" ብለው ከደረጃው ሥር ይጣራሉ። እወርዳለሁ። አምፖል እቀይራለሁ፣ መጋረጃ እሰቅላለሁ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የበረራ ትራሳቸውን አወርዳለሁ፤ አገላብጠው አይተው፣ አቧራውን አራግፈው ሲሰጡኝ መልሼ እሰቅላለሁ። ይህ የመጨረሻው ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ቤቱ ውስጥ ስንት ዝቅ ያለ ቦታ እያለ አንድ አጭር ሰው የሚወደውን ዕቃ እጁ የማይደርስበት ቦታ ላይ ለምን ያኖራል? አልጠየቅኩም። የድሮ አብራሪ የራሱ ሕግ ይኖረዋል ብዬ ተውኩት።

ስለ ትራሱ ሳልነግራችሁ ወደ ነገሩ ብገባ ግን ነገሩ አይገባችሁም።

"የአጭር አብራሪ ጠላቱ ሰማዩ አይደለም፣ ወንበሩ ነው" ይላሉ ካፒቴን። የትንሽ አውሮፕላን ጋቢና ጠባብ ነው። ጋቢና ነው የሚሉት፣ እንደ ከባድ መኪና። አፍንጫዋ ፊት ለፊት ተገትሯል፤ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የተደረደሩትን መቆጣጠሪያዎችና የገዛ ጉልበቱን ነው። ከፍ ልበል ብሎ ትራስ ሲደርብ፣ እግሩ ጭራዋን ከሚያዞሩት ፔዳሎች ይርቃል። ለእግሩ ብሎ ወደ ፊት ሲንሸራተት ደግሞ ዓይኑ ይወርዳል። ዓይን ሲያገኝ እግር ያጣል፤ እግር ሲያገኝ ዓይን። ስለዚህ ከሥርም ይደረባል፣ ከጀርባም ይደገፋል። ትራሱም ለስላሳ ከሆነ አይረባም፤ መሬት ሲነኩ አብሮ ይሰምጥና ሜዳውን ማየት ግድ በሚሆንበት ቅጽበት ሜዳውን ይሸፍናል። ከጓደኞቻቸው መካከል ጫማቸው ላይ ወፍራም ሶል ያስደረቡ ነበሩ። እግራቸው ደረሰ፤ ግን ፔዳሉ ምን እንደሚል መስማት አቆመ። አንዱ ፔዳሉ ላይ እንጨት አሰረበት። "እሱ ብልጥ ነበር" ይላሉ ካፒቴን፣ "ግን እንጨቱን ሳይፈታ የወረደ ዕለት ቀጥሎ የገባው ረጅም አብራሪ ጉልበቱ አገጩን ሲመታው ስድቡን አዋሽ ማዶ ሰማን።"

የካፒቴን ትራስ ከተደራረበ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ የተሠራ ነው፤ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። የሰፉት ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ያኔ ሁለቱም ወጣት ሆነው፣ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በተከራዩአት ቤት። እትዬ ዘነበች ረጅም ነበሩ፤ ከባላቸው በደንብ ይረዝማሉ። ካፒቴን ወንበር ላይ ይቀመጡና እግራቸውን በፔዳል ፈንታ ከግድግዳው ሥር በተደረደረ ጡብ ላይ ያደርጋሉ። እትዬ ዘነበች ፊት ለፊት ቆመው መጥረጊያ አጋድመው ይይዛሉ። መጥረጊያው አድማስ ነው።

"ይታይሃል?"

"ግማሹ።"

ይፈቱታል። ሌላ ብርድ ልብስ ይጨምራሉ። ይሰፉታል። መጥረጊያው ከጫፍ ጫፍ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ ወዲያ ካፒቴን የበረሩት ሁሉ በዚያ መጥረጊያ ልክ ነው። እትዬ ዘነበች ግን አንድም ቀን አልበረሩም። ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን ውስጥ ሚስት የት ትቀመጣለች? "እኔ ሰማይን የማውቀው በመጥረጊያ ነው" እያሉ ይቀልዱ ነበር አሉ። ቱሉ ዲምቱ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ አልደረስኩባቸውም።

አሁን ወደ ነገሩ።

በቀደም ካፒቴን በአንድ ወቅት ያስተማሩት አብራሪ ደወለላቸው። እሑድ ጠዋት ትንሽ አውሮፕላን ለሙከራ ያስነሳል፤ ከጎኑ ባዶ ወንበር አለ፤ ቢመጡ ደስ ይለዋል። ካፒቴን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰማይ የሚያዩት ከበረንዳቸው ነው። ደስታቸውን ያወቅሁት ለእሑዱ በረራ ሐሙስ ተላጭተው ሳያቸው ነው። ወዲያው ትራሱን አስወረዱኝ። ጨርቁ ሳስቷል። ዓርብ ዕለት አቃቂ ሄደው የመኪና ወንበር የሚያለብስ ወዳጃቸው ዘንድ አዲስ ልብስ አሰፉለት። ሲመለሱ ታክሲ ያዙ፤ ጋቢና ገቡ፤ ትራሱን ሥራቸው አደረጉት፤ መንገዱ ወለል ብሎ ታያቸው። ቱሉ ዲምቱ ሲደርሱ "ወራጅ" አሉ፣ በሩን ዘጉ፣ ቤታቸው ገቡ።

ትራሱ ተመልሶ ወደ አቃቂ ሄደ።

አትፍረዱባቸው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የወረዱት እንዲሁ ነው። በረራ ሲያልቅ አብራሪው ይወርዳል፣ ትራሱ ለነገ ወንበሩ ላይ ይቆያል። ችግሩ ታክሲዋ የእሳቸው አለመሆኗ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሬን ሲያንኳኩ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ነበር። የሶፋዬን ትራስ አቀረብኩላቸው። በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። "ስፖንጅ ነው" አሉና መለሱልኝ። ተያይዘን አቃቂ ታክሲ ተራ ወረድን።

"የጠፋው ስልክ ነው?" አለን ተራ አስከባሪው።

"ትራስ ነው" አልኩት።

አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። "ጋሼ፣ ታክሲ ውስጥ ሊያድሩ ነበር እንዴ?"

ካፒቴን አልሳቁም። "ነገ ጠዋት ያስፈልገኛል ልጄ። ያለሱ ከሄድኩ የማየው ጉልበቴን ነው።"

ተራ አስከባሪው ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባውም፤ ድምፃቸው ግን ገብቶት መሰለኝ፣ ከሚገባው ታክሲ ሁሉ እየሮጠ ይጠይቅልን ጀመር። ፀሐይዋ ከረር ስትል አንዱ ታክሲ ዞሮ ገባ። ሹፌሩ ከመሪው በላይ ከፍ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ካፒቴን ከሩቅ አዩት። "እሱ ነው" አሉ። "እንደዚያ የሚያስቀምጥ ሌላ ትራስ የለም።"

ሹፌሩ ቢኒ ይባላል። ሲወርድ ነው ቁመቱን ያየነው፤ ካፒቴንን ያክላል። "የእርስዎ ነው ጋሼ? ባለቤቱ ይመጣል ብዬ አስቀምጬው ነው" አለ።

ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አወጣ። "አላስቀመጠውም፣ ተቀመጠበት። ከትናንት ጀምሮ ቁመት አወጣሁ ብሎ ሰላም አይለንም።"

"አንተ ሰው ጥራ" አለው ቢኒ። ከዚያ ወደ ካፒቴን ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቴን ነው ጋሼ፣ መንገዱ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።"

ትራሱን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ካፒቴን ክንዴን ያዙኝ። ቢኒ ተመልሶ እንዲቀመጥ አደረጉና እሳቸው ጋቢና ገቡ። "ሞተሩን ሳታስነሳ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጠው።"

ቢኒ ረገጠ። ለመርገጥ ወገቡን ወደ ፊት አንሸራተተ፤ ሲንሸራተት አገጩ መሪው ላይ ደረሰ።

"አሁን ምን ይታይሃል?"

"ዳሽቦርዱ።"

"አየህ፣ መንገዱን አገኘህና እግርህን አጣህ። ፍሬን ስትይዝም እንዲሁ ነህ።"

"ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ" አለች ከኋላ አንዲት ሴትዮ። "መንጃ ፈቃድ እዚሁ ነው እንዴ የምትፈተነው?"

እኔ ግን በሐሳብ ሄጄ ነበር። በሥራ ዘመኔ ስንት አለቃ ትዝ አለኝ። ከሥር ተደራርቦላቸው ከፍ ብለው የተቀመጡ፣ አገሩ ሁሉ ወለል ብሎ የሚታያቸው፣ እግራቸው ግን ፍሬኑ ጋ የማይደርስ። ከኋላ ሆነን አብረናቸው የተጓዝን ሰዎች እናውቀዋለን፤ ቁልቁለት ላይ ነው የሚታወቀው።

ካፒቴን ትራሱን ወሰዱ። ቢኒ ወደ ቀድሞ ቦታው ዝቅ አለ፤ ከውጭ የሚታየው ኮፍያው ብቻ ሆነ። ካፒቴን ኮፍያውን ሲያዩ ቆዩና "ከሰዓት ስታርፍ ቱሉ ዲምቱ ና" አሉት። "ብርድ ልብስ አለኝ።"

መጣ። ረዳቱንም ይዞ መጣ፤ ይህን ሳላይ አልቀርም ብሎ ነው። ካፒቴን ቢኒን ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ከግድግዳው ሥር ጡብ ደረደሩለት፣ ብርድ ልብሱን አጣጥፈው በጆንያ መስፊያ መርፌ ይወጉት ጀመር፤ አንዱን ለሥር፣ አንዱን ለጀርባ። ከዚያ ዘወር ብለው አዩኝ። "አንተ ረጅሙ፣ መጥረጊያውን ያዝ።"

ፊት ለፊት ቆሜ አጋድሜ ያዝኩት።

"ይታይሃል?" አሉ ካፒቴን።

"ምኑ?"

"አድማሱ።"

ቢኒ ግራ ገባው። "መጥረጊያውን ነው ጋሼ?"

"አድማሱ ነው" አለ ረዳቱ፣ ከበሩ ሥር። "ዝም ብለህ እይ።"

"ዝቅ አድርገው" አሉኝ ካፒቴን። ዝቅ አደረግኩት። "አሁንም። ዘነበችም መጀመሪያ መጀመሪያ ከፍ ታደርገው ነበር። ረጅም ሰው አድማስ የት እንዳለ አያውቅም።" ይህን ሲሉ መርፌው እጃቸው ላይ ቆመ። መጥረጊያውን ሳይሆን ከመጥረጊያው በላይ፣ ፊቴ ያለበትን ቦታ ያዩ ነበር። እኔን ያዩ አልመሰለኝም። ክንዴ ዛለ፤ ግን ማውረድ አልሆነልኝም።

ቢኒ ማታ የራሱን ሁለት ትራስ ታቅፎ ሄደ።

እሑድ ጠዋት ካፒቴን ሱፍ ለብሰው ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው የቢኒ ታክሲ ውስጥ ገቡ፤ እሱው ነው ቦሌ ያደረሳቸው። እኔ በረንዳ ላይ ቆየሁ። ረፋዱ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በአቃቂ በኩል ስታልፍ አየሁ። የሳቸው ትሁን የሌላ አላውቅም፤ እጄን ግን አወዛወዝኩ።

ሲመለሱ ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸው። "እንዴት ነበር?"

"ወንበሩ በቁልፍ ከፍ ይላል" አሉ። "ወደ ፊትም ይሄዳል። ልጁ አንዴ ተጫነው፣ ሁሉም ነገር ታየኝ።"

ያ ሁሉ ፍለጋ፣ ያ ሁሉ ላብ። "ታዲያ ትራሱስ?"

"ጭኔ ላይ ያዝኩት።" ቁልፋቸውን ከኪሳቸው ፈልገው በሩን ከፈቱ። "አቃቂ ላይ ስንደርስ ልጁ በእኔ በኩል አዘነበለልኝ። ባቡር ጣቢያው ታየ። ከጀርባው ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ታየ። ያኔ ትራሱን አንስቼ መስኮቱ ላይ አስደገፍኩት፤ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ።"

"አብራሪው ምን አለ?"

"'ፀሐይ አስቸገረዎት ካፒቴን?' አለኝ።"

"ምን አሉት?"

"አዎ አልኩት።"

ገባን። ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉ፤ ትራሱን አራገፉና ሰጡኝ። "በል ረጅሙ፣ ወደ ቦታው።"

ቁም ሳጥኑ ጋ ደርሼ ቆምኩ። "ካፒቴን፣ አልጋው ሥር ቢሆን አይሻልም? እዚህ እኮ እርስዎ አይደርሱበትም።"

ቀና ብለው የቁም ሳጥኑን አናት አዩት። "እሷ ናት እዚያ የምታስቀምጠው" አሉ። "ለእሷ እዚያ ዝቅ ያለ ቦታ ነበር።"

ሰቀልኩት።